መርፌው ነው ወይስ ጊታሩ?

ጊታሩ በገባ ቁጥር እጄ ወደ መርፌው ክንድ ይሄድ ነበር። አንድ ሸክላ፣ አንድ ዘፈን፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ። ፒያኖውና ቫዮሊኑ ለስለስ ብሎ ሲፈስ ቆይቶ ድንገት ድምፁ ይሻክራል፤ መርፌው ላይ ብናኝ የተጠመጠመ ይመስላል። አንስቶ መጥረግ፣ መልሶ ማሳረፍ፤ ያው ነው። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካውያኑ ወንድምና እኅት ባንድ የካርፔንተርስ «ኤ ሶንግ ፎር ዩ» አልበም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዘፈኑ የመጀመሪያው ገጽ አምስተኛ፣ «ጉድባይ ቱ ላቭ»።

ሲከነክነኝ የኖረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ይህ መሻከር የማን ነው? የመርፌው፣ የሸክላው ወይስ ከመጀመሪያውም እንዲህ ተብሎ የተቀዳ? ይህን ሳይለዩ መርፌ ለመቀየር መሮጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ሦስቱም በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ መቻላቸው ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ሆን ተብሎ የተሻከረ ድምፅ አለ፤ የተቀመጠውም ማንኛውም መርፌ በሚቸገርበት ቦታ ላይ ነው።

## ጊታሩ ከየት መጣ

ወንድምና እኅቱን፣ ሪቻርድና ካረን ካርፔንተርን፣ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ስለ ዘፈኑ ግን አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሪቻርድ ርዕሱን ያገኘው ከፊልም ነው። በ1940 በተሠራ አንድ የቢንግ ክሮስቢ ፊልም ውስጥ «ጉድባይ ቱ ላቭ» የሚባል የታወቀ ዘፈን ስሙ ይነሳል፤ ዘፈኑ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ አይሰማም። ስም ብቻ ያለው ዘፈን ማለት ነው። ሪቻርድ ፊልሙን ለንደን ሳለ አይቶት ለዚያ ባዶ ስም ዜማ ሠራለት፤ ግጥሙን ጆን ቤቲስ ጻፈ።

በዚህ አልበም ላይ ሌላ ማንም ቢሆን ለመሀሉ ሶሎ ሳክስፎን ወይም ኦቦ ይመርጥ ነበር። ሳክስፎኑ በአልበሙ ርዕስ ዘፈን፣ በ«ኤ ሶንግ ፎር ዩ» ላይ አለ፤ ያምራልም። ሪቻርድ ግን ለካርፔንተርስ መድረክ ይከፍት ከነበረ ባንድ ውስጥ የሰማውን ጊታሪስት ቶኒ ፔሉሶን አስጠራ። የነገረውም አጭር ነበር፤ መጀመሪያ ዜማውን እንዳለ እንዲጫወተው፣ ከዚያ ራሱን እንዲለቅ። ፔሉሶ በፈዝ ፔዳል፣ የጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክር የእግር መርገጫ፣ አድርጎ ተጫወተው። አንዳንድ አድማጮች ወደ ሃርድ ሮክ ሄዳችሁ ብለው የቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 7ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ፔሉሶም ከባንዱ ጋር ቀረ።

## የሚገባባት ቅጽበት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

ዘፈኑ ሲጀምር ካረን ከፒያኖው ጋር ብቻዋን ናት። ሪቻርድ የሰጣት ሐረጎች ረጃጅም ናቸው፤ መተንፈሻ የላቸውም ማለት ይቻላል። ተራ ዘፋኝ ሁለት ጊዜ የምትቆርጠውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ትወስደዋለች፤ ድምፅዋም ከዝቅተኛው ቦታ ሳይናወጥ ይዘልቃል። ማይክሮፎኑን ቀርባ ስለምትዘፍን ትንፋሿ ወደ ውስጥ ሲገባ እንኳ ይሰማል። ግጥሙ የተስፋ መቁረጥ ግጥም ነው፤ እሷ ግን አትጮህበትም፣ አታለቅስበትም። እንደ ደረሰባት ነገር ሳይሆን ወስና እንደ ጨረሰችው ነገር ትናገረዋለች።

ከዚያ ጊታሩ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ስሙ፤ የሚጫወተው እሷ አሁን የጨረሰችውን ዜማ ነው። ያንኑ መስመር፣ በተቀደደ ድምፅ። ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚሸሸው። ለእኔ ይህ ሶሎ በለስላሳ ሙዚቃ ላይ የተለጠፈ የሮክ ቁራጭ አይደለም። እሷ ያልጮኸችውን እሱ ይጮኽላታል፤ ለዚህም ነው ዜማውን መጀመሪያ እንዳለ መውሰዱ ግድ የሆነው። ዜማውን ሳይዝ ቢገባ ኖሮ እንግዳ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ መሻከሩ እንምጣ። ፈዝ ፔዳል የጊታሩን ሲግናል እጅግ አጉልቶ ጫፉን ይቆርጠዋል። ክብ የነበረው ሞገድ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ ጠርዝ ቀድሞ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ኖታውም ቶሎ አይሞትም፤ ሲግናሉ እየደከመ ቢሄድም ከመቁረጫው መስመር በታች እስኪወርድ ድረስ ከፍታው ብዙ አይቀንስም። ያ ነው ጊታሩን እንደ ሰው ድምፅ ረጅም ሐረግ እንዲይዝ ያስቻለው። ከካረን ረጅም ትንፋሽ ቀጥሎ ተራ ጊታር ቢገባ ኖሮ በየኖታው ጥር ጥር እያለ ይቆራረጥ ነበር።

ችግሩ ግን ያለቀ ወይም በሸክላው ላይ የተቀረጸውን ቦይ በትክክል መከተል ያቃተው መርፌም የሚያደርገው ይህንኑ የሚመስል ነገር መሆኑ ነው። ሞገዱን ያዛባል፤ ያልነበሩ ድምፆችን ይጨምራል። ጆሮ ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራቸው አይፈረድበትም።

መለያው የተገኘው ጊታሩን ማዳመጥ ሲቀር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ባዳ የሚያደርገው ሁሉን ትቶ ጊታሩን መከተሉ ነው። ከጊታሩ ሥር ያለውን ስሙ። ቤዙ አለ፣ ድራሙ አለ፣ ቫዮሊኖቹ አሉ። ፈዙ ያረፈው በጊታሩ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሌላ ማይክሮፎን፣ በሌላ ትራክ የተቀዱ ስለሆኑ ንጹሕ ናቸው። መርፌ ግን መርጦ አያበላሽም። በአንድ ቦይ ውስጥ የሚያገኘው ሁሉን የተቀላቀለ አድርጎ ነው፤ ሲያዛባም ሁሉንም አብሮ ነው። ጊታሩ እየሻከረ ቤዙ ክብ፣ የድራሙ ሲምባል ጥርት ያለ ከሆነ መርፌው ንጹሕ ነው። ቫዮሊኖቹም ከጊታሩ ጋር አብረው አሸዋ ከበላባቸው ግን ሥራ አለባችሁ።

## አምስተኛው ዘፈን ለምን ይከብዳል

የሸክላው ፍጥነት በደቂቃ 33⅓ ዙር ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። የሚለወጠው አንዱ ዙር የሚሸፍነው ርዝመት ነው። ዳር ላይ፣ ከመሀሉ 14.6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል። ወደ መሀል 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደረስ 21 ብቻ ነው የሚያልፈው። ያው አንድ ሰከንድ ዘፈን ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቆ ይጻፋል ማለት ነው።

ይህ ዝቅ ላለ ድምፅ ችግር የለውም። ለ«ስ» ድምፅ ግን ፈተና ነው። 7 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያለ የ«ስ» ፉጨት ዳር ላይ አንዱ ሞገዱ 0.07 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መሀል ላይ 0.03 ብቻ። ተራው ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ደግሞ ጫፉ ራሱ 0.015 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ አለው። ወደዚያ ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፤ በላዩ ይዘላል። «ስ» የነበረው «ሽ» ወይም ምራቅ የበዛበት ፉጨት ይሆናል። ሞላላ ጫፍ ያለው መርፌ የጎኑ ሬዲየስ ግማሽ ያህል ስለሆነ የበለጠ ይገባል።

የመጀመሪያው ገጽ 17 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ «ጉድባይ ቱ ላቭ» የሚጀምረው 13 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በአልበሙ ውስጥ ብዙ ድምፅ የተደራረበበት የመዝጊያ ክፍል፣ ማለትም ካረንና ሪቻርድ ራሳቸውን ደጋግመው ቀድተው የሠሩት መዘምራን ከነጊታሩ፣ ያረፈው ቦዩ በጠበበበት በኩል ነው።

## ሸክላው በራሱ የያዘው መለኪያ

ለመፈተሽ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የርዕሱ ዘፈን በመጀመሪያው ገጽ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በጣም ዳር። የዚያው ዘፈን አጭር ድጋሚ ደግሞ የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ነው፣ በጣም መሀል። ያው ዘፈን፣ ያቺው ዘፋኝ፣ ሁለቱ የቦዩ ጫፎች። ድጋሚው ማስተጋቢያ የበዛበት ስለሆነ አጠቃላይ ድምፁን አታወዳድሩ፤ «ስ»ዎቹን ብቻ አወዳድሩ። ዳር ያለው ጥርት ብሎ መሀል ያለው ከተበላሸ ጥፋቱ የመርፌው አቀማመጥ ወይም ቅርጽ ነው። ሁለቱም ከተበላሹ መርፌው አልቋል ወይም ቆሽሿል።

በ«ጉድባይ ቱ ላቭ» ውስጥ ደግሞ ጊታሩ ከመግባቱ በፊት «ቻንስ» እና «ፓስት» የሚሉት ቃላት በአንድ ሐረግ ውስጥ ይመጣሉ። እኔ ሶሎውን መፈተሻ ማድረግ ትቼ እነዚህን ሁለት ቃላት ይዣለሁ። እዚያ ድረስ ንጹሕ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚሻክረው ጊታር የፔሉሶ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የካረን ድምፅ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ነው የሚቆመው። «ስ»ው በቀኙ በኩል ብቻ የሚሻክር ከሆነ አንቲስኬቱ፣ ክንዱ ወደ መሀል እንዳይጎተት የሚይዘው ማስተካከያ፣ አንሷል ማለት ነው። ክንዱ በተፈጥሮው ወደ መሀል ይጎተታል፤ ያን ጊዜ የውስጠኛውን ግድግዳ ተደግፎ የውጨኛውን ይለቃል። የውጨኛው ግድግዳ የቀኙ ድምፅ ነው።

## ሁለት ግራም

ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሸክላው እንዳይጎዳ ብሎ መርፌው በሸክላው ላይ የሚጫንበትን ክብደት ይቀንሳል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቀለለ መርፌ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይሄዳል፤ በየመታጠፊያው የሚላተመው አልማዝ ነው፣ የሚፋቀው ፕላስቲክ። ካርትሪጁ (መርፌውን የያዘው ትንሽ ሳጥን) ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም የሚል ከሆነ 2 ላይ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አሠራሩ ይህ ነው። አንቲስኬቱን ዜሮ አድርጉ። የመርፌውን መሸፈኛ አውልቁ። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳይል በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ክብደቱን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ፤ ከዚያ ሁለቱን አብራችሁ 2 እስኪል አዙሩ። አንቲስኬቱንም ወደ 2 መልሱት። የቀለበቱ ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካለ በእሱ አረጋግጡ። ሚዛኑ ላይ መርፌው የሚያርፍበት ከፍታ ከሸክላው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ንባቡ ይሳሳታል።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ክንዱ በአንድ ጫፉ ተሰክቶ ቅስት እየሠራ ስለሚሄድ መርፌው ለቦዩ ፍጹም ቀጥ የሚልባቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ አሉ። በተለመደው አሰላል ከመሀል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። እነዚህ ነጥቦች የታተሙበት ወረቀት አለ፤ ስታትሙት መጠኑ እንዳይቀየር አድርጉና በማስመሪያ ለኩት። ካርትሪጁን የያዙትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ላላ አድርጉ፤ ወደፊት ወደኋላ እየገፋችሁ በሁለቱም ነጥብ ላይ ቀጥ እስኪል ሞክሩ። የምታዩት የካርትሪጁን ሳጥን አይሁን፤ አልማዙን የተሸከመችውን ቀጭን ዘንግ ነው። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ዘንጓ የተጣመመች ሊሆን ይችላል። ብሎኖቹን ስታጠብቁ ይንሸራተታልና አጥብቃችሁ እንደገና እዩት። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስሕተት እንኳ በአምስተኛው ዘፈን ላይ ይሰማል።

የመርፌው ዕድሜ እንደ ቅርጹና እንደ ሠሪው ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ይደርሳል። 300 ሰዓት ማለት ይህን አልበም ሁለቱንም ገጽ 500 ጊዜ ያህል መስማት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ከማጫወቻው ጋር አብሮ የተገዛ ያገለገለ መርፌ ግን ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚነግራችሁ የለም።

## እጥበት

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ያገለገለ ሸክላ ሲገዛ የሚያስፈራው ጭረቱ ሳይሆን በቦዩ ውስጥ የደረቀ የጣት ቅባትና አቧራ ነው። አራት እጅ የተጣራ ውኃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ኖራውን ቦዩ ውስጥ ትቶ ስለሚሄድ አይሆንም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ይሆናል፤ አሲድ ያልገባበት መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁኑ። ለስላሳ ብሩሹ ቦዩን ተከትሎ በክብ ይሂድ፤ ከመሀል ወደ ዳር አይቁረጥ። መሀል ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አታርጥቡ። በመጨረሻ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ብቻ አለቅልቁና አቁማችሁ አድርቁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ስሙ። እኛ ሁሉንም ሸክላ ነው የምንለው፤ ካርፔንተርስም ሆነ የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙሩ ቪኒል ነው፣ አልኮሉን ይችላል። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 78 ዙሮች ግን ሼላክ ናቸው፤ አልኮል ያሟሟቸዋል። ከአያት የወረሳችሁት ከሆነ መጀመሪያ ፍጥነቱን አንብቡ።

ታጥቦም፣ መርፌው አዲስ ሆኖም፣ ክብደቱ ተስተካክሎም «ቻንስ» ከሻከረ፣ ሌላ ሸክላ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ንጹሕ ከሆነ፣ ከእናንተ በፊት በያዘው ሰው እጅ በከባድ ወይም ባለቀ መርፌ ተፍቋል። ያ አይመለስም። ጫፉ የተለየ ቅርጽ ያለው መርፌ ያልተነካ የግድግዳውን ክፍል ስለሚያገኝ አንዳንዴ ያድነዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

## ካረን እንደ ወንድ ስትዘፍን

ከአሜሪካ ማጫወቻ ይዘው ለሚመጡ፣ ወይም ዘመድ ለሚልክላቸው። ትራንስፎርመሩ 220ውን ቮልት ወደ 110 ያወርዳል፤ የኤሌክትሪኩን 50 ሄርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ግን 60 አያደርገውም። ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በመስመሩ ሄርዝ ልክ ስለሆነ አዲስ አበባም ሆነ ቴል አቪቭ ላይ በደቂቃ 33 ከመዞር ወደ 28 ይወርዳሉ። ሙዚቃው ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል፤ 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንዱ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ36 ይሆናል። ካረን ከመነሻዋ ዝቅ ብላ የምትዘፍን ስለሆነች ሰው ወንድ ነው የሚዘፍነው ብሎ ዝም ሊል ይችላል፤ ይህን ያደረጉ አሉ።

መፈተሹ ቀላል ነው። ሸክላው ላይ ትንሽ ወረቀት አስቀምጡና በሦስት ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። 100 መሆን አለበት። 83 ካገኛችሁ ችግሩ ሄርዝ ነው፤ መፍትሔው በሞተሩ ላይ ያለችውን ቀበቶ ማዞሪያ ለ50 ሄርዝ በተሠራችው፣ በ1.2 እጥፍ በምትሰፋው መለወጥ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠሩት አይነኩም።

ከኢንተርኔቱ ጋር ለማወዳደር የምትፈልጉም አስተውሉ። ሪቻርድ ካረን በ1983 ካረፈች በኋላ ብዙዎቹን ዘፈኖች እንደገና ቀላቅሏቸዋል። «ቶፕ ኦቭ ዘ ወርልድ» ደግሞ በዚህ አልበም ላይ ያለው የ1972ቱ ነው፤ በ1973 በነጠላ ወጥቶ በአሜሪካ አንደኛ የሆነውን ካረን እንደገና ዘፍናዋለች። ልዩነት ብትሰሙ ወዲያው መርፌውን አትክሰሱ።

## ከጊታሩ በኋላ

የመዝጊያው ሶሎ ከመዘምራኑ ጋር እየራቀ ሲሄድ ገጹ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። 22 ሰከንድ ያህል የምትሆን፣ «ኢንተርሚሽን» የምትባል ቁራጭ ቀርታለች። መሣሪያ የለም፤ ካረንና ሪቻርድ በተደራረበ ድምፃቸው ብቻ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሆነው ወደ መታጠቢያ ቤት ደርሰን እንመለሳለን ይላሉ። ሸክላ ለሚገለብጥ ሰው የተዘፈነ ነው፤ በስልክ ተከታትሎ ለሚሰማ ትርጉሙ ይጠፋል።

ለእኔ ከጠቅላላው ገጽ ከባዱ ፈተና እሷ ናት። ቦዩ በዚህ ገጽ ላይ ከየትኛውም ዘፈን ይልቅ የጠበበው እዚያ ነው፤ የሰው ድምፅ ብቻውን ራቁቱን ቆሟል፤ መሻከርን የሚሸፍን ጊታር የለም። ድምፆቹ እያንዳንዳቸው ተለይተው፣ ጠርዛቸው ሳይበላ ከወጡ መርፌው ሥራውን ጨርሷል። ክንዱን አንሱና ገልብጡት።